ቄሳር ጡረታ የወጣበት ቤት

በወንድሜ ቤት ጁሊየስ ቄሳር አልተገደለም። ጡረታ ወጣ። ይህን የነገረችኝ የዘጠኝ ዓመት ልጁ ናት፤ ሶፋው ላይ ቆማ፣ አንሶላ በትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ጥንት ሮም የማውቀው ሁሉ ቢሰበሰብ በመርፌ ቀዳዳ ያልፋል። ቢሆንም ሰውየው በገዛ ወዳጆቹ ጩቤ እንደሞተ እኔም አውቃለሁ። ክው አልኩ። አንሶላው ደግሞ እኔው በእጄ ጠርዙን ሰፍቼ ለሠርጋቸው የሰጠኋቸው ነው፤ በመቀስ ለሁለት ተከፍሏል። በየቱ እንደምደነግጥ ራሱ ግራ ገባኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ወንድሜ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው እቃ ማጠቢያ ሥር በጀርባው ተኝቶ የኖረ ሰው ነው፤ ፊቱን ከሚያውቁት ደንበኞች ይልቅ ጫማውን የሚያውቁት ይበዛሉ። ሰፈሩ «ውኃ ልክ» ይለዋል። ያቺ መሀሏ ላይ አረፋ የምትንሳፈፍባት መለኪያ ከእጁ አትለይም፤ ፎቶ ሲሰቅል ይለካል፣ አልጋ ሲያስተካክል ይለካል። አንዴ ቤቴ መጥቶ የስፌት መኪናዬን ለክቶ «እትዬ፣ ወደ ግራ ያዘነብላል» አለኝና ሁለት ቀን ተኮራርፈን ከረምን። ከልጅነቱም እንዲሁ ነበር። ውኃው ከየት እንደሚመጣ አያለሁ ብሎ የግቢያችንን ቧንቧ ከሥሩ ቆፍሮ ነቅሎ ጎረቤቱን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ውኃ አሳጥቷል። እናታችን በጫማ ስታሳድደው «ግን አየሁት፣ ግን አየሁት» እያለ ነበር የሚሮጠው።

ሚስቱ አምና ሞተች። ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አደረሰች፣ ከሰዓት በኋላ ራሴን አለች፣ በሦስተኛው ቀን የለችም። ልጅቷ፣ ከቅጥነቷ የተነሳ «ጭራሮ» የምንላት፣ ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች። እቤትም ዝም፣ ትምህርት ቤትም ዝም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ መምህሩ ስለ አንድ ንጉሥ አሟሟት ሲያነቡ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ደወል እስኪደወል አልወጣችም። ርዕሰ መምህሯ ወንድሜን አስጠርተው መከሩት። ዓመቱን እቤት አሳርፋት፣ የምናስተምረውን ዝርዝር እንሰጥሃለን፣ በዓመቱ መጨረሻ እንፈትናታለን አሉት። ሂሳብና ቋንቋ በጽሑፍ፤ ታሪክ ግን በቃል ይሆናል፣ መናገር መቻሏን በጆሯችን መስማት አለብን። ካለፈች ከእኩዮቿ ጋር አራተኛ ክፍል ትገባለች፤ ካላለፈች ሦስተኛን ትደግማለች።

ለጭራሮ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ያለቻት አንዲት ጓደኛ ብቻ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች፣ መስኮቱ ሥር ቆማ፣ መልስ ባታገኝም የሳምንቱን ወሬ ሁሉ የምታወራላት ልጅ። ያቺ ልጅ ወደፊት አልፋ ይቺ ወደኋላ ከቀረች፣ ያ አፍ እንደተዘጋ እንደሚቀር ለማናችንም ግልጽ ነበር።

የታሪኩ ዝርዝር አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ የጥንት ሮም። ወንድሜ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ባለሥዕል የሆነ፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ገዛ። ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ያነባል፣ ማታ ለልጁ ያስተምራል። ሮማውያን ውኃን ከሩቅ ተራራ እስከ ከተማቸው ድረስ ያለ አንዳች ሞተር፣ በቁልቁለት ብቻ፣ በድንጋይ ድልድይ ላይ እያሳለፉ ያመጡበት ምዕራፍ ላይ ሲደርስማ አበደ። ሥራ ላይ ሳለሁ ደውሎ «እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ የኛ ሰዎች ናቸው» አለኝ፤ የጠፉ ዘመዶቹን ያገኘ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ቤት መሆኑ ቀረ። ከየሥራው የተረፈ ቁራጭ ቱቦ በየወንበሩ መደገፊያ ላይ ተዘረጋ፤ ከመታጠቢያ ቤት ተነስቶ በሳሎን አልፎ ወጥ ቤት ያለው ሳፋ ውስጥ ይገባል። የተሰበረ ሴራሚክ እየለቀመ አምጥቶ በረንዳው ላይ የዓሣ ሥዕል በሞዛይክ አሠራት። የለስላሳ ቆርኪ በመቶ በመቶ ተሰልፎ ጦር ሠራዊት ሆነ፤ እኔ ራሴ አንዱን ወታደር በባዶ እግሬ ረግጬ አንድ ሳምንት አነከስኩ። የበሩ መቃን በአናጢ እርሳስ በሮማውያን ቁጥር ተሞላ። የጫማ ካርቶኑ ሸንጎ ነው፣ አንሶላው ቶጋ፣ የሮማውያኑ ኩታ፣ ነው።

ልፈርድበት አልችልም ግን። ልጅቷ ከአምስት ወር ዝምታ በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ከዚያ ቱቦ የመጣ ነው። ማታ ላይ አባቷ ውኃውን ሲለቀው ሳሎን መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሱ ጭንቅላቱን ሲያክ ከኋላው አንዲት ቀጭን ድምፅ «ቁልቁለቱ አያንስም?» አለች። ወንድሜ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ሰው እንዳይሰማው ቧንቧውን ከፍቶ፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እሱ ነው የነገረኝ።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ወንድሜ ትልቅ ሕንፃ ላይ ተይዞ ቀኑን ሙሉ ከቤት የሚጠፋ ሆነ፤ ልጅቷን እንድጠብቅ የስፌት መኪናዬን አሸክሜ መጣሁ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ የቄሳርን ጡረታ የሰማሁት። ነገሩ እሱ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ሮምን ከቆረቆሩት መንትያ ወንድማማቾች አንደኛው፣ በወንድሙ እጅ የሞተው፣ ጭራሮ እንደምትለው ሌላ ከተማ ሊሠራ ሄደ። በአደባባይ እስከ ሞት የሚፋለሙት ግላዲያተሮች ተጨባብጠው ወደየቤታቸው ሄዱ። ከእሳተ ገሞራው ሥር የነበረችው ከተማ፣ ፖምፔይ የሚሏት፣ ነዋሪዎቿ ቤት ቀየሩ። ያን ሁሉ አገር በጦር የያዘ መንግሥት አንድ ሰው እንኳ ሳይሞትበት! ወይ ጉድ፣ አልኩ በሆዴ፣ ይህ ወንድሜ ምን እያስተማራት ነው።

እራት ላይ አነሳሁት። ገና «ቄሳር እኮ» ከማለቴ ወንድሜ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ ያንኑ በወታደሩ የተወጋውን። መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው አለ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። በኋላ ወጥ ቤት ይዞኝ ገባና፣ በዚህ ቤት ያ ቃል አይነሳም አለኝ፤ በአንድ ቃል ነው አምስት ወር የተዘጋችው፣ ሁለተኛ አልሞክረውም። ያኔ ነው ልብ ያልኩት። በዚያ ቤት ማንም አይሞትም፤ ሁሉም ይሄዳል። ሚስቱም «ሄዳለች» ነው የምትባለው። ጫማዋ እስካሁን በሩ ሥር፣ አፉን ወደ ውጭ አድርጎ፣ ተሰልፎ ተቀምጧል።

ከጠየቋትስ አልኩት። የሚጠይቋት ስለ ውኃው ነው አለኝ፣ ሙሉ እምነት ይዞ፤ ሮም ማለት ውኃ ነው፣ ድልድዩን ሠርታ ታሳያቸዋለች። ቧንቧ ሠራተኛ ዓለም ሁሉ በቱቦ የተገናኘ ነው የሚመስለው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የምትልካት ብዬ ተቆጣሁ፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝና ተውኩት። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ ሳደርገው መሀል መሀሉ ላይ ገጽ ይጎድላል። አሮጌ መጽሐፍ ስለሆነ ነው፣ ሻጩ አታሎታል ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ ጠዋት እሱ ሥራ ሄዶ እኔና ጭራሮ ለፈተናው የሚወሰደውን ድልድይ ልንሞክር ተነሳን። አንድ ቱቦ አጠረን። መታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ አንድ ወፈር ያለ፣ ሁለት ጫፉ በክዳን የተዘጋ ቱቦ ቆሟል። አነሳሁት።

«እሱን ተዪው አክስቴ» አለች ጭራሮ።

ቱቦ ቱቦ ነው ብዬ ክዳኖቹን ነቀልኩና ከመስመሩ ጋር ገጠምኩት። ልጅቷ መወልወያውን አምጥታ አጠገቤ ቆመች። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። አንድ ባልዲ ውኃ ለቀቅኩ፤ ውኃው ወፍራሙ ቱቦ ውስጥ ገባና አልወጣም። ቀጥሎ ወደ ኋላ ተመልሶ ገንፍሎ ሳሎኑን አጥለቀለቀው፣ የቆርኪው ሠራዊት መንሳፈፍ ጀመረ። ቆሽቴ አርሮ የመጥረጊያውን እንጨት በአንዱ ጫፍ ከተትኩና ገፋሁት። በሌላው ጫፍ የተጠቀለለ ወረቀት ዱብ አለ።

ዘረጋሁት። የመጽሐፉ ገጾች ናቸው። ወንድሙን ገድሎ ከግንቡ አጠገብ የቆመው ሰው አለ፤ ደም ለብሶ ወለል ላይ የተዘረረው ቄሳር አለ፤ እሳት የበላት ሮም፣ ወረርሽኝ የጨረሰው ሰፈር፣ አመድ የወረደባት ከተማ አለች። ሞት ያለበት ገጽ ሁሉ፣ ሠላሳ አንድ ቅጠል፣ አንድም ሳይቀር። በንዴት የተቦጨቀ እንዳይመስላችሁ፤ በማስመሪያ ተይዞ፣ ቀጥ ብሎ፣ ልክ እንደ ወንድሜ ሥራ ነው የተቀደደው። እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ያ ፎቶ ሲንጋደድ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ማታ ማታ ልጁ ሳታይ የሮምን ሙታን አንድ በአንድ እየለቀመ ቱቦ ውስጥ ሲቀብር ታየኝ።

ቀና ስል ጭራሮ ፎጣ ይዛ መጥታ ገጾቹን አንድ በአንድ እየዘረጋች ነው። ምንም አልደነገጠችም። የሁሉም ቦታ የት እንደሆነ ታውቃለች፤ አንዱን አንስታ ከሌላው በፊት አደረገችው።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ከአርባ ሁለት ወደ አርባ አምስት ይዘላላ» አለች። «ፈለግኩት።»

«አንብበሽዋል?»

«ሁሉንም። አባዬ ሥራ ሲሄድ።»

እኔ እንግዲህ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ብዙ አይቻለሁ እል ነበር። ታዲያ ለምን ለአባትሽ አልነገርሽውም ስላት፣ በጣም ግልጽ የሆነ ነገር እንደጠየቅኳት ሁሉ ተገርማ አየችኝ።

«ያን ቃል ሲሰማ ፊቱ ልክ አይሆንም» አለችኝ። «እኔማ ለምጄዋለሁ። የሚፈራው እሱ ነው።»

ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዱ ለሌላው ሲል፣ አንዲቱን ቃል እንደ ትኩስ ድስት እየሸሹ ዓመት ሙሉ ኖረዋል። ቀጥላ የተናገረችው ደግሞ ይበልጥ አስደነገጠኝ። ለፈተናው አባቷ አብሯት ይገባ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ወላጅ ይቀመጣል አልኳት። እንግዲያው ከጠየቁኝ የአባዬን ነው የምመልሰው አለች። ትወድቂያለሽ፣ ጓደኛሽ ጥላሽ ትሄዳለች አልኳት። አውቃለሁ አለችና ወረቀቱን ማድረቅ ቀጠለች። እንዳልናገርም በእናቷ አስማለችኝ፤ በእናቷ ካስማለች ልጅ ፊት ምን ይባላል።

ገጾቹን በስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ፣ ላያቸው ላይ ጨርቅ አድርጌ፣ ብዙ ባልጋለ ካውያ አንድ በአንድ ተኮስኳቸው። ጠቅልለን ወደ ቱቦው መለስናቸው፣ ክዳኑንም ገጠምን። ማታ ወንድሜ ገብቶ ወለሉን አይቶ፣ ቁልቁለቱን አላስተካከላችሁትም ብሎ ብቻ አለፈ። እኔ ከዚያ እስከ ሰኞ ምላሴን ነክሼ ከረምኩ። ለእኔ ይህ ከምጥ አይተናነስም።

ሰኞ ጠዋት ሂሳቡንና ቋንቋውን ጻፈች። ከዚያ የታሪኩ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ርዕሰ መምህሯ አሉ፤ የታሪክ መምህሩ አሉ፣ ሽበታም፣ ኮታቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ ያለባቸው። እኔና ወንድሜ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችንን አገጫችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ጭራሮ ድልድይዋን ገጠመች፣ የአባቷን ውኃ ልክ ከኪሷ አውጥታ ለካች፣ ውኃውን ለቀቀች። እንደ ልቡ ፈሰሰ። በምን ያህል ርቀት ስንት ጣት ዝቅ እንደሚል፣ ቁልቁለቱ ቢበዛ ውኃው ድንጋዩን እንደሚበላ፣ ቢያንስ እንደሚቆም፣ ሁሉንም ተናገረች። መምህሩ ተደስተው እጃቸውን አፋተጉ። ወንድሜ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ አላልኩሽም ማለቱ ነው።

«ጎበዝ» አሉ መምህሩ። «ለመሆኑ ቄሳር መጨረሻው ምን ሆነ?»

ጭራሮ ወደ አባቷ ዞረች። ፊቱን አየች። ከዚያ ዞር ብላ «ጡረታ ወጣ» አለች።

መምህሩ ቀልድ መስሏቸው ትንሽ ጠበቁ። ቀልድ አልነበረም። በአመዱ ሥር ያለችው ከተማ ሰዎችስ ምን ሆኑ አሏት። ቤት ቀየሩ አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ርዕሰ መምህሯ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ከዚያም ረጋ ብለው፣ መናገሯ ትልቅ ነገር ነው፣ ትምህርቱ ግን አልገባትም፣ ለልጅቷ የሚበጃት ሦስተኛን ብትደግም ነው አሉ። ጭራሮ ቱቦዋን መፍታት ጀመረች። አላለቀሰችም። እኔ ቃሌን ልሰብር፣ መሐላዬን ልበላ፣ አፌን ከፈትኩ።

ከአፌ ቃል ሳይወጣ ወንድሜ ተነሳ። ወንበሯ ትንሽ ስለሆነች አብራው ተነሳች፤ በእጁ ገፍቶ አወለቃት። ላብ አጥምቆታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ገጾቹን እኔ ነኝ የቀደድኩት። እሷ የነገርኳትን ነው የመለሰችው።» ከዚያ መምህራኑን ትቶ ወደ ልጁ ዞረ፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። «ቤት አልቀየሩም የኔ ልጅ። የሸሹ አሉ። የቀሩት ግን ሞቱ። ቄሳርም ሞተ። ገደሉት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እናትሽም አልሄደችም።»

«አውቃለሁ አባዬ» አለች ጭራሮ። «ሞታለች።» ቱቦውን አስቀምጣ በእጅጌዋ ፊቱን ጠረገችለት። «አንተ እስክትል ነበር የጠበቅኩህ።»

ወንድሜ መሬት ላይ እንደተንበረከከ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰው እንዳይሰማው የሚከፍተው ቧንቧ አልነበረም። እኔም አላፈርኩም፣ አብሬው አለቀስኩ። መምህሩ ኮታቸው ኪስ ውስጥ መሀረብ ሲፈልጉ ጠመኔ አወጡ። ርዕሰ መምህሯ ብቻ ጠንክረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የቄሳሩን ጥያቄ ልንደግመው እንችላለን አሉ።

ደገሙት። ጭራሮ አንድ እጇን በአባቷ ትከሻ ላይ አድርጋ፣ ሸንጎ ውስጥ ሃያ ሦስት ጊዜ እንደወጉት፣ ወዳጄ የሚላቸው ሰዎች እንደነበሩ፣ ከዚያ በኋላም ሮም እንዳልቆመች፣ ከተማዋ እንዴት እንደተቃጠለችና እንዴት እንደተሠራች፣ መጨረሻዋም እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ አወረደችው። መምህሩ ሦስት ጊዜ በቃ አሏት። አራተኛ ክፍል ገባች።

እቤት ስንደርስ ወንድሜ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዶ ቱቦውን ይዞ መጣ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ገጾቹን አውጥቶ ሲያይ ቆመ። ጠቅልሎ ያስገባው ወረቀት እንደ አዲስ ሸሚዝ ተተኩሷል። እኔን አየኝ፣ ልጁን አየ። ሙጫ አመጣ፣ ማስመሪያ አመጣ፣ ሠላሳ አንዱን ቅጠል በቦታ ቦታው ሲለጥፍ አመሸ፤ ጭራሮ ቁጥሩን ትጠራለታለች። የሚስቱን ጫማ ከበሩ ሥር አንስቶ፣ አቧራውን በመዳፉ ጠርጎ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው።

ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አንብቢልኝ አላት። የአመዱን ከተማ ገለጠችና ጀመረች። ያ ቃል ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ ቆም ብላ ቀና አለች፣ ፊቱን ልታይ።

«ቀጥዪ» አላት። «አለሁ።»